በጥላ የዞረው ዲሽ

መስከረም አሥራ አምስት ቀን ረፋድ ላይ፣ ይጁቤ ከተማ በየብርጓል ሻይ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቲቱ የብርጓል፣ ከገጠር ለገበያ የወጡት መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ የእሳቸው ጎረቤት አወቀ፣ እና የዲሽ ሠራተኛዋ ሔዋን። አወቀ ሻዩን እያማሰለ ቴሌቪዥን ያያል። መሪጌታ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ዜናው ሲጀመር ግን ማንኪያቸውን በቀስታ አስቀምጠው ጆሯቸውን አቀኑ። ሲጠየቁ “እኔ አላይም፤ ባለቤቴ ስታይ እሰማለሁ እንጂ” ነው የሚሉት።

ዜናው ሳያልቅ ምስሉ ተቆራረጠ። የአንባቢዋ ፊት እንደ ተሸረፈ ግድግዳ ሆኖ ቆየና ጠቆረ።

“ይኸው ጀመረ” አለች የብርጓል። “ትናንትም በዚሁ ሰዓት ነው እንዲህ ያደረገው። ያ ከማርቆስ የሚመጣው ዲሽ ሠሪ ሰውዬ ዲሹን ወደ አዲሱ ሳተላይት ካዞረልኝ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሔዋን፣ የጠራሁሽ ለዚህ ነው። ውጪና እይልኝ።”

“ጣራ ላይ ልትወጣ?” አለ አወቀ።

“ታዲያ ዲሹ ጓዳ ነው ያለው?”

ሔዋን ሰው በበዛበት ቃል የሚጠፋባት ልጅ ናት። መሰላሉን አስደግፋ ወጣች። ብሎኖቹን ነካካች፤ ጠብቀዋል። ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው፤ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ትኩረቷን ሳበው። ከሳህኑ ፊት ለፊት፣ በሦስት ቀጫጭን ብረቶች ላይ የምትቆም ቡጢ የምታክል ዕቃ አለች፤ ኤል ኤን ቢ ይሏታል። የእሷ ጥላ ልክ በሳህኑ እምብርት ላይ ተቀምጧል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም።

“ስንት ሰዓት ሆነ?” ብላ ወደ ታች ጠየቀች። ስልኳን ቤት ቻርጅ ላይ ትታው ነበር።

“የእኔ ሰዓት ባትሪው ካለቀ ሰነበተ” አለች የብርጓል ከውስጥ።

መሪጌታ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ወደ ግቢው ወጥተው ነበር። ጥያቄውን ሰምተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የራሳቸው ጥላ ጫፍ የደረሰበትን በዓይናቸው ለዩና መቋሚያቸውን እዚያ ላይ ተከሉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተረከዝ ከአውራ ጣት እያገናኙ፣ ከቆሙበት እስከ መቋሚያው ረገጡ።

“ሦስት እግር ከሦስት ጣት” አሉ።

“የኔታ፣ እሷ የጠየቀችው ሰዓት ነው” አለ አወቀ ከበሩ ላይ እየሳቀ።

“እኔስ ምን ነገርኳት? አርባ ዓመት ቅዳሴ የገባነው በዚህ ነው። ባትሪ አያልቅበትም።”

ሔዋን ከደረት ኪሷ ትንሿን ደብተር አውጥታ እንዳሉት ጻፈችው። ጥላው ቀስ እያለ ከሳህኑ መካከል ወጣ፤ አንድ ጣት ያህል፣ ከዚያ ሁለት። ወዲያው የየብርጓል ድምፅ መጣ። “ተመለሰ። ምን አድርገሽው ነው?”

“ምንም አላደረግኩትም” አለች ሔዋን። እውነቷን ነበር። ፀሐይዋ ናት ያደረገችው። ማርቆስ ኮሌጅ ሳለች መምህሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ቀጥ ብላ እንደምትቆምና ለጥቂት ደቂቃ ምስሉን እንደምታጠፋው ተናግሮ ነበር። ያኔ ለፈተና ብላ አጥንታው፣ ፈተናው ሲያልፍ ረስታዋለች። አሁን በዓይኗ አየችው። ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ፣ ሳተላይቱ ያለበት ቦታ ነው።

ስትወርድ መሪጌታ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

“የእኛውስ ቤት መቼ ነው የሚዞረው?” አሏት። “ሃያ ሲሆን የድሮው ይዘጋል ይላሉ።”

እውነት ነው፤ የአገሩ ጣቢያዎች ከድሮው ሳተላይት ወርደው ወደ አዲሱ እየገቡ ነበር። የድሮው በምዕራብ በኩል ነው፤ አዲሱ በምሥራቅና በደቡብ መካከል፣ ከፍ ብሎ። እስከ መስከረም ሃያ ፊቱን ያላዞረ ዲሽ ከዚያ በኋላ የሚያየው ባዶ ሰማይ ነው።

“የማርቆሱን ሰውዬ እንጠብቃለና” አለ አወቀ።

“እኔ እመጣለሁ፣ የኔታ” አለች ሔዋን መሬት መሬት እያየች።

“አንቺማ ሐምሌ ላይ የነ አማረን ዲሽ ነክተሽ፣ ሰዎቹ ሳምንት ሙሉ የዝናብ ድምፅ ሲያዩ ከረሙ።”

“ድምፅ አይታይም፣ አያ አወቀ” አለች ቀስ ብላ።

መሪጌታ ሳቁ። “ነይ” አሏት። “ነገ ነይ።”

ይህች ነይ የምትል ቃል ለሔዋን ቀላል አልነበረችም። ከሐምሌው ጥፋት በኋላ ማንም ዲሹን እንድታዞርለት አልጠራትም። እናቷም ባሕር ዳር ባለው በአጎቷ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ አጎቷ መስከረም ሃያ ቀን መጥቶ ይወስዳታል። እናትና ልጅ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የአንድ ቤት ዲሽ በራሷ አስተካክላ ሥራው ከሆነላት ትቀራለች፤ ካልሆነላት ትሄዳለች። ሔዋን የሆቴል አንሶላ ማንጠፍ አትፈልግም። የምትፈልገው ይህንኑ የተማረችውን ሥራ፣ በዚሁ በአገሯ መሥራት ነው። በመሪጌታ መንደር ደግሞ ሠላሳ ያህል ዲሽ አለ። መሪጌታ ቤት የገባ ሰው ሌላውም ቤት ይገባል።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በከተማውም በገጠሩም መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ እስኪመጣ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል ተባለ። ዲሽ የሚዞረው አንዱ ውጭ ሆኖ እያሽከረከረ፣ ሌላው ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ መጣ፣ ሄደ እያለ ነው። መብራት ከሌለ ቴሌቪዥን የለም፤ ቴሌቪዥን ከሌለ መጣ የሚል የለም። የማርቆሱ ሰውዬም መብራት ሳይመጣ አልመጣም ብሎ ላከ።

ሔዋን ግን በማግሥቱ መፍቻዋን በከረጢት ይዛ፣ በጭቃው መንገድ አንድ ሰዓት ተጉዛ ከመሪጌታ ቤት ደረሰች። የመሪጌታ ባለቤት እማማ ወለተ ሐዋርያት በር ላይ ተቀበሏት።

“አንቺ ልጅ፣ መብራት እኮ የለም።”

“አውቃለሁ፣ እማማ። ጥላው የትናንቱን ያህል ሲሆን ፀሐይዋ ሳተላይቱ ያለበት ትደርሳለች፤ በፀሐይ ነው የማዞረው።”

“በፀሐይ?” እማማ ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ ልጅቷን አዩ። “በይ እሺ። ብቻ ድራማዬ እንዳይቀርብኝ። ልጅቱ ልታገባ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሌላ ሚስት እንዳለው አታውቅም።”

መሪጌታ ለደመራው ጉዳይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጠርተው ሄደዋል። ሔዋን ጠበቀቻቸው። ፀሐይዋ ግን ማንንም አትጠብቅም፤ ሽቅብ ወጣች። አወቀ ከአጥሩ ማዶ አሻግሮ ያያት ነበርና፣ ጨነቃትና ጠራችው።

“አያ አወቀ፣ እዚህ ትንሽ ቁምልኝ።”

“ለምኑ?”

“ጥላህን እፈልጋለሁ።”

“ጥላዬን ብቻ ከሆነ ውሰጂው፤ እኔን የምትወስድ ሚስት አለች።” እየሳቀ መጥቶ ቆመ።

አወቀ ረጅም ነው፤ ቡትስ ተጫምቷል፤ ጭቃው እንደ ሁለተኛ ጫማ ተለጥፎበታል። በዚህ ጫማ ከሚለካ የእኔ እግር ይሻላል ብላ ሔዋን የራሷን ጫማ አወለቀችና የእሱን ጥላ በእሷ እግር ረገጠች። አራት እግር ከምናምን። ቆይታ ደገመች። ሦስት ተኩል። ልክ ሦስት እግር ከሦስት ጣት ሲሆን ሮጣ ሄዳ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ የቆመውን ሳህን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ ቀና አደረገች፤ የኤል ኤን ቢዋ ጥላ እምብርቱ ላይ እስኪያርፍ ገፋችው፤ ብሎኑን አጠበቀች። ጨረሰች። ደስ አላት።

መሪጌታ ከቀትር በኋላ ሲመለሱ ዲሹን ዞር ዞር ብለው አዩት።

“መቼ ለካሽ?”

“ሦስት እግር ከሦስት ጣት ሲሆን፣ የኔታ።”

“የማን ጥላ ነው?”

“የአያ አወቀ።”

“በማን እግር?”

“በእኔ።”

መሪጌታ መጀመሪያ የአወቀን ቁመት፣ ከዚያ የሔዋንን እግር አዩ። አወቀ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ልጄ” አሉ፣ “ጥላው የአወቀ፣ እግሩ የአንቺ። ይህ የማንም ሰዓት አይደለም። ሰው የራሱን ጥላ በራሱ እግር ነው የሚለካው፤ የረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፣ የአጭርም አጭር። እግዜር ያስማማቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ትናንት የለካሁት የእኔን በእኔ ነበር። የአንቺ እግር ትንሽ ነች። አወቀ ደግሞ እንደምታይው የባሕር ዛፍ ነው። ጥላው እንዲህ እስኪያጥር ጠብቀሽ ከሆነ ፀሐይዋ አልፋሻለች።”

ሔዋን ፊቷ ጋለ። ከረጢቷን አንስታ ብትሄድ ማንም እንደማይወቅሳት ታውቃለች፤ መብራት እስኪመጣም ማንም ስህተቱን አያይም። ዲሹ ዞሯል፤ ላየው ሰው የተስተካከለ ይመስላል።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለ አወቀ።

“ዝም በል አንተ፤ አብረህ ነው ያፈሰስከው” አሉት እማማ።

ሔዋን መፍቻዋን አውጥታ ያጠበቀችውን ብሎን መልሳ አላላችው። “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ” አለች። “ነገ እንደገና ላድርገው።”

“ነገ መስቀል ነው።”

“ረስቼው አይደለም። ግን ፀሐይዋ በየቀኑ ወደ ደቡብ ትሸሻለች። ነገ ልክ ናት። ከነገ ወዲያ ትደርስ ይሆናል፤ ደመና ከሆነ ግን አለቀ። ከዚያ በኋላ የማርቆሱ ሰውዬ ነው።”

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። አወቀ ከሳቸው አፍ የሚወጣውን ይጠብቃል፤ እማማም ይጠብቃሉ። በበዓል ቀን ሥራ ሠራ የተባለ ሰው በዚያ መንደር ስሙ ቶሎ አይጸዳም፤ የመሪጌታ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይጸዳም።

“ብሎኑን እንዲሁ ላላ አድርገሽ ተይው” አሉ። “በእጅ ብቻ የሚዞር ይሁን። ነገ መፍቻ አይነሳም፤ ብረት በብረት አይነካም። ሰው በመስቀል ቀን በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ይህም ከዚያ አይበልጥም። በጨርቅ አስረሽ ትተይዋለሽ፣ በአሥራ ስምንት መጥተሽ ታጠብቂዋለሽ።”

“ቄስ ገበዙ ቢሰሙስ?” አለ አወቀ።

“ዛሬውኑ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ካንተ ከሚሰሙ ይሻላል።”

በመስቀል ቀን ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ስለነበር አሥር የሚሆን ጎረቤት በመሪጌታ ግቢ ተሰበሰበ። ሔዋን ሰውን ላለማየት ሳህኑን ብቻ አየች። መሪጌታ ከቤት ወጡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ እማማ ለበዓሉ ያጠቡላቸውን ትልቁን ጥምጥም አድርገዋል። ጫማቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ቆሙ።

ሔዋን አንድ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ ዋጠችው፤ እንደገና መጣባት። አሥር ሰው እያየ መሪጌታን ልብስ ቀይሩ ማለት ነው። ተጠጋችና በሹክሹክታ ልትነግራቸው ሞከረች።

“ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ያንቺን ድምፅ አይይዝም።”

“የኔታ፣ ይህ ጥምጥም ትልቅ ነው” አለች፤ አሁን ሁሉም ሰማ። “ያን ዕለት የገበያውን ነበር ያደረጉት። በዚህ ቁመትዎ ይጨምራል። ጥላዎም ይረዝማል።”

አንዲት ሴትዮ ፈገግ አለች፤ አወቀ ደግሞ ራሱን መያዝ አቅቶት ወደ አጥሩ ዞረ። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ ጥምጥሙን ዳሰሱት።

“እውነቷን ነው” አሉ። “ወለተ ሐዋርያት፣ ያን የገበያውን አምጪው።”

“በመስቀል ቀን? ያን ያደፈውን?”

“ፀሐይዋ ያየችኝ በዚያ ነው።”

እማማ እያጉረመረሙ አመጡት። መሪጌታ ቀይረው ቆሙና መቋሚያውን ተከሉ፤ ረገጡ። “አራት እግር ከሩብ” አሉ። ሔዋን ሳህኑን ይዛ ጥላውን ትከተላለች፤ ፀሐይዋ ስትወጣ እሷም ታቀናዋለች። “አራት ሊሞላ።” ቆዩ። “ሦስት ተኩል።” በዚህ መሃል ከጮቄ በኩል የመጣች ደመና ፀሐይዋን ሸፈነቻት፤ ጥላው ከምድሩም ከሳህኑም ጠፋ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየ። ሔዋን ወደ ላይ አላየችም። እጇን ሳህኑ ላይ እንዳደረገች የራሷን ትንፋሽ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት ላይ ስትደርስ ብርሃኑ ተመለሰ።

መሪጌታ ቶሎ ብለው ረገጡ። “ሦስት ከአምስት ጣት።” ደገሙ። “ከአራት።” እንደገና ደገሙና እግራቸውን ሳያነሱ “ይኸው” አሉ።

ሔዋን ጥላውን እምብርቱ ላይ አስቀምጣ ቆመች። እማማ የቀደዱትን የድሮ ነጠላ አቀበሏት፤ ሳህኑን ከቋሚው ብረት ጋር ሦስት ቦታ ጠፍራ አሰረችው። መፍቻው ከከረጢቱ አልወጣም። እማማ ወዲያው ጥጃ እንዳይታከክበት ዙሪያውን እሾህ አስከበቡት።

በአሥራ ስምንት መጥታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ሳህኑ ፈቅ እንዳይል እየጠበቀች አጠበቀቻቸው። ጨርቁን አልፈታችውም። ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ወደ ቤቷ ሄደች። እናቷ ልብሷን አጥባ አጣጥፋላት ነበር፤ ሻንጣው በር አጠገብ ተቀምጧል።

በአሥራ ዘጠኝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሔዋን የያዘችውን የሽሮ ወንፊት አስቀምጣ ተነሣች።

“ነገ እኮ አጎትሽ ይመጣል” አለች እናቷ።

“አውቃለሁ፣ እማ።”

መሪጌታ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ማንም ሪሞቱን አልነካም፤ ሪሲቨሩ ላይ የተጣለውን ጨርቅ እንኳ አላነሡም፤ እሷን ጠብቀዋል። ሔዋን ጨርቁን አንስታ ሪሲቨሩን ከፈተች፤ ከደብተሯ እያየች የአዲሱን ሳተላይት ቁጥሮች አስገባች። ሁለት መስመሮች ወጡ፤ የላይኛው የጥንካሬ፣ የታችኛው የጥራት ነው። የላይኛው ሞላ።

“መጣ” አለ አወቀ።

“እሱ ሁልጊዜ ይሞላል። የሚያስፈልገን የታችኛው ነው።”

የታችኛው ባዶ ነበር። ሔዋን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከደብተሯ ጋር አመሳከረች። መጨረሻ ላይ በስድስት ፈንታ አምስት አስገብታለች። አጠፋችው፤ ስድስት አደረገችው። የታችኛው መስመር ትንሽ ጠበቀና እስከ ስልሳ ሁለት ሄደ፤ እዚያው ቆመ።

“ስልሳ ሁለት ስንት ማለት ነው?” አሉ መሪጌታ።

“ይበቃል፣ የኔታ። ዝናብ ሲጥል ትንሽ ያስቸግራል። ነገ በመብራት አይቼ እጨምርበታለሁ።”

የጣቢያዎቹ ስም እየተከታተለ ይወርድ ጀመር። የመጀመሪያውን ስትከፍተው አንድ ሰውዬ ስለ ጤፍ አረም ያወራል። ማንም አልጮኸም። እማማ ወለተ ሐዋርያት ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። “ይህን አሳልፊልኝና ድራማውን ፈልጊልኝ” አሉ።

አወቀ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። “ሔዋን” አለ፣ “ነገ በጠዋት ነው የምትመጪ ወይስ በቀትር?”

“ወዴት?”

“ወደ እኔ ቤት ነዋ። ደግሞ ጥላዬን አትጠይቂኝ፤ መብራት አለ።”

በማግሥቱ አጎቷ ከባሕር ዳር መጣ። ሔዋን ቤት አልነበረችም፤ የአወቀን ዲሽ ጨርሳ ሦስተኛው ቤት ገብታ ነበር። አጎቷ ምሳውን በልቶ በስምንት ሰዓቱ መኪና ብቻውን ተመለሰ።